ስቶቭ ቶፕ፣ ፔፐሪጅ ፋርም ወይስ የቤት? የተርኪ ስታፊንግ ግምገማ

ድርቆሽ ፍርፍር የሚሠራ ሰው የስታፊንግን ዋና ምስጢር አስቀድሞ ያውቀዋል። ትኩስ እንጀራ ቁሌት ላይ ቢፈረፈር ቶሎ ይላሽቃል፤ ድርቆሹ ግን ቁሌቱን ጠጥቶ ይለሰልሳል እንጂ ቅርጹን አይለቅም። ተርኪ በሚባለው ትልቅ ወፍ ሆድ ተሞልቶ ወይም በትሪ ተጋግሮ የሚቀርበው ስታፊንግም ያው ነው፦ የደረቀ ዳቦ፣ በቅቤ የበሰለ ሽንኩርትና ሰለሪ፣ ቅጠላ ቅጠል፣ መረቅ። በኅዳር ወር፣ ሐሙስ ቀን ለሚውለው ለታንክስጊቪንግ (ለምስጋና በዓል)፣ በአሜሪካ ሱፐርማርኬቶች በካርቶንና በከረጢት ተደርድሮ የሚሸጠውም ከሞላ ጎደል ይኸው ደረቅ ዳቦ ነው። እዚህ የምንመዝነውም ይህን ነው፤ ድርቀቱን ገዝቶ መግባት ያዋጣል ወይስ አንድ ሰዓት ኦቨን አብርቶ ቤት ማድረቅ ይሻላል?

ከካርቶኑ እንጀምር። ስቶቭ ቶፕን ጄኔራል ፉድስ የተባለው የምግብ ኩባንያ ለገበያ ያቀረበው በ1972 ነው። ከፈጠሩት ሰዎች ቀዳሚዋ ሩት ሲምስ የተባለች የባልትና ባለሙያ ስትሆን፣ የፈጠራ ባለቤትነት መብቱ በ1975 ተሰጥቷል። የፈጠራው ፍሬ ነገር የፍርፋሪው መጠን ነው። ፍርፋሪው በጣም ከደቀቀ ሙቅ ውኃ ሲነካው ገንፎ ይሆናል፤ በጣም ከተለቀ ደግሞ በ5 ደቂቃ ውስጥ ውኃው እምብርቱ ድረስ አይዘልቅም። በሁለቱ መካከል ያለውን ልክ ማግኘታቸው ነው ዕቃውን ከ50 ዓመት በላይ መደርደሪያ ላይ ያቆየው። ይህ ቀላል ሥራ አይደለም፤ ቤት ውስጥ ዳቦ ሲቆረጥም የሚያስፈልገው ማስተዋል ይኸው ነው።

አሠራሩ አጭር ነው። አንድ ካርቶን 170 ግራም ይይዛል። አንድ ተኩል ኩባያ ውኃ ከ4 የሾርባ ማንኪያ ቅቤ ጋር ይፈላል፣ ደረቁ ይጨመራል፣ ከእሳት ወርዶ ለ5 ደቂቃ ይከደናል፣ በሹካ ይበተናል። ካርቶኑ ለ6 ሰው ይላል፤ ድርሻው ግን ግማሽ ኩባያ ነውና በበዓል ማዕድ ላይ ለ4 ሰው ብቻ አድርገው ይቁጠሩት። ለ12 ሰው 3 ካርቶን ያስፈልጋል።

ጣዕሙ? ጨው ቀድሞ ይመጣል፣ ከዚያ ትንሽ ጣፋጭነት ይከተላል። ጣፋጭነቱ ከየት እንደመጣ ለማወቅ የካርቶኑን ጎን ማንበብ ነው፤ የበቆሎ ሽሮፕ እዚያ ተጽፏል። አትክልቱ ደርቆ የተፈጨ ስለሆነ ሽታ ይሰጣል እንጂ ጥርስ ላይ የሚገኝ ነገር የለውም። ትልቁ ጉድለት ግን ቅርፊት አለመኖሩ ነው። ድስት ውስጥ በእንፋሎት የለሰለሰ ዳቦ ከላይ የሚንኮሻኮሸውን ወርቃማ ገጽ ፈጽሞ አያገኝም፤ የስታፊንግ ግማሽ ደስታ ደግሞ ያ ነው።

ካርቶኑን የገዛ ሰው በሁለት እርምጃ ሊያሻሽለው ይችላል። መጀመሪያ 4ቱን ማንኪያ ቅቤ ጨው የሌለበት አድርገው አንድ መካከለኛ ቀይ ሽንኩርትና 2 ዘንግ ሰለሪ በደቃቁ ከትፈው ለ10 ደቂቃ ያብስሉበት፤ ውኃውን ከዚያ በኋላ ይጨምሩ። ቀጥሎ ለስልሶ ሲያበቃ ቅቤ የተቀባ ትሪ ላይ ገልብጠው፣ ሳይከድኑ 350 ፋራናይት (175 ሴልሺየስ) ኦቨን ውስጥ ከ15 እስከ 20 ደቂቃ ያቆዩት። አንድ ነገር ግን አይሞክሩ፦ ጣዕም ይጨምራል ብለው በውኃው ፈንታ የሱቅ መረቅ አይጠቀሙ። ካርቶኑ የራሱን ጨው ይዞ መጥቷል፤ መረቁ የራሱን ሲጨምርበት የሚበላ አይሆንም። በጣም የግድ ካለ ጨው ያልገባበት መረቅ ይሁን። ደግሞም በሹካ በተን ማድረግ እንጂ ማማሰል የለም፤ ሲማሰል የዳቦው ስታርች ወጥቶ ይጣበቃል።

ፔፐሪጅ ፋርም ሌላ ዓይነት ዕቃ ነው። ማርጋሬት ሩድኪን በ1937 በኮኔቲከት ዳቦ በመጋገር የጀመረችው ድርጅት የሚያወጣው የስታፊንግ ከረጢት ፈጣን ምግብ ሳይሆን የተዘጋጀ ጥሬ ዕቃ ነው፤ ሽንኩርቱን፣ ሰለሪውን፣ ቅቤውንና መረቁን የሚያቀርበው አብሳዩ ነው። ከረጢቱ በሁለት መልክ ይመጣል፤ አንዱ የደቀቀ፣ ሌላው በኪዩብ የተቆረጠ። የኛ ምርጫ ኪዩቡ ነው። የደቀቀው መረቅ ሲነካው አንድ ላይ ተጣብቆ እንደ ፑዲንግ ይሆናል፤ አንዳንድ ቤት ይህን ይወዳሉ፤ ድርቆሽ ፍርፍር የለመደ አፍ ግን ቁርጥራጩን ለይቶ ማኘክ ይፈልጋል። ቅመሙ አስቀድሞ የገባበት መሆኑን አይርሱ፤ ጨውም ሴጅ የተባለው ቅጠልም ከጨመሩ ግማሹን ብቻ ይጨምሩ፣ ቀምሰው።

ብዙ ሰው የማያስተውለው ሦስተኛ አማራጭ አለ። ብዙ ሱፐርማርኬቶች በኅዳር ወር በራሳቸው የዳቦ ክፍል ምንም ቅመም ያልገባበት፣ ተቆርጦ የደረቀ ዳቦ በከረጢት ይሸጣሉ። ከሚሸጡት ሁሉ ይህን እናስቀድማለን። የሚከፈልበት ነገር ግልጽ ነው፤ ድርቀት ብቻ። ጨውና ጣዕሙ በአብሳዩ እጅ ይቀራል።

አሁን ወደ ቤቱ። ለ10 ወይም 12 ሰው የሚበቃ፣ 9 በ13 ኢንች ትሪ የሚሞላ መጠን እነሆ፦ 680 ግራም (አንድ ተኩል ፓውንድ) ነጭ ዳቦ፣ 115 ግራም ጨው የሌለበት ቅቤ፣ 2 ትልልቅ ቀይ ሽንኩርት፣ 4 ዘንግ ሰለሪ፣ 3 ፍሬ ነጭ ሽንኩርት፣ 2 የሾርባ ማንኪያ የተከተፈ ትኩስ ሴጅ (ደረቅ ከሆነ 2 የሻይ ማንኪያ)፣ አንድ የሾርባ ማንኪያ ትኩስ ጦስኝ፣ አንድ የሻይ ማንኪያ የተከተፈ ሮዝመሪ፣ አንድ እፍኝ ፓርስሊ፣ ሁለት ተኩል ኩባያ (600 ሚሊ ሊትር) ጨው የቀነሰ የዶሮ ወይም የተርኪ መረቅ፣ 2 እንቁላል፣ አንድ የሻይ ማንኪያ ጨው፣ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ቁንዶ በርበሬ።

ዳቦው በ2 ሳንቲሜትር ኪዩብ ተቆርጦ በሁለት ሰፊ ትሪ ላይ ሳይደራረብ ይበተናል፤ 250 ፋራናይት (120 ሴልሺየስ) ኦቨን ውስጥ ከ50 ደቂቃ እስከ አንድ ሰዓት፣ በየ15 ደቂቃው እየተገላበጠ። ቡናማ መሆን የለበትም። በጣት ሲሰበር ቀጭ ብሎ እስከ እምብርቱ የሚደርቅ ከሆነ ደርሷል። እዚህ ላይ የብዙ ሰው ስህተት አለ፤ «ዳቦው ሁለት ቀን ጠረጴዛ ላይ አድሯል፣ ደርቋል» ይባላል። ያደረ ዳቦ የሚጠነክረው ውኃው ስላለቀ ብቻ አይደለም፤ ውስጡ ያለው ስታርች ስለሚጠጥር ነው፤ ሲሞቅ ደግሞ ተመልሶ ይለሰልሳል። ያደረ ዳቦ ቶስተር ውስጥ ሲገባ እንደ ትኩስ የሚሆነው ለዚህ ነው። ውኃው አሁንም ውስጡ ስላለ መረቁን የሚቀበልበት ቦታ የለውም፤ ውጤቱም ከላይ የረጠበ፣ ከውስጥ ጣዕም የሌለው ሊጥ ነው። የኦቨን ድርቀት ግን ውኃውን ያስወጣል፤ ባዶውን ቦታ መረቁ ይሞላዋል።

የዳቦውም ዓይነት ለውጥ ያመጣል። የፈረንሳይ ወይም የጣሊያን ዓይነት ጠንከር ያለ ዳቦ ይመረጣል። በፕላስቲክ የሚመጣው ለስላሳ የሳንድዊች ዳቦ በደንብ ከደረቀ ይሠራል፤ ካልደረቀ ግን ከሁሉ ቀድሞ የሚላሽቀው እሱ ነው። ድፎ ዳቦ የተረፈው ቤት ካለ ያንንም መጠቀም ይቻላል። ጥቅጥቅ ያለ ስለሆነ ግን አነስ አድርጎ በአንድ ተኩል ሳንቲሜትር መቁረጥና ረዘም ላለ ጊዜ ማድረቅ ያስፈልጋል፤ ጥቁር አዝሙድና ድንብላል ከገባበት ሮዝመሪውን ይተዉት።

አትክልቱ በቅቤው ውስጥ በመካከለኛ እሳት ከ12 እስከ 15 ደቂቃ ይበስላል፤ ሳይጠቁር፣ ሽንኩርቱ ብርሃን እስኪያሳልፍና ሰለሪው በማንኪያ ሲጫኑት እስኪታዘዝ። ይህን እርምጃ የሚያሳጥር ሰው ማዕድ ላይ ኩርሽም የሚል ሰለሪ ያገኛል፤ ምክንያቱም ስታፊንግ እምብርቱ ሲበስል የሚደርሰው 165 ፋራናይት (74 ሴልሺየስ) ላይ ብቻ ነው። የአትክልትን ግድግዳ የያዘው ፔክቲን ደግሞ ከ85 ሴልሺየስ በታች አይለቅም። መጥበሻ ላይ ያልለሰለሰ ሰለሪ ኦቨን ውስጥ ይለሰልሳል ብሎ መጠበቅ ከንቱ ነው። ነጭ ሽንኩርቱና ቅጠላ ቅጠሉ በመጨረሻው አንድ ደቂቃ ይገባሉ፤ ፓርስሊው ከእሳት ከወረደ በኋላ። በሴጅ ላይ እጅ አይብዛ፤ ሲበዛ እንደ መድኃኒት ይከብዳል፣ እያደረ ደግሞ ይብስበታል። የአገር ቤቱን ደረቅ ጦስኝ የሚጠቀም ካለ ከፈረንጁ ይበረታልና ግማሽ የሻይ ማንኪያ ይበቃዋል።

የተነጠረ ቅቤስ? ይጠየቃል፣ መልሱም ይቻላል ነው፤ ግን ምርጫ ይጠይቃል። ኮሰረቱና በሶብላው ከሴጅና ከሮዝመሪ ጋር ይጣላሉ፤ ሁለቱም ሽቶ ናቸው፣ አንዱ ሌላውን ያደናግረዋል። የተነጠረ ቅቤ ከገባ ሴጁና ሮዝመሪው ይውጡ፣ ጦስኙ ብቻ ይቅር። ግማሹን ተራ ቅቤ፣ ግማሹን የተነጠረ ማድረግ የተሻለ ሚዛን ይሰጣል።

መቀላቀሉ ትዕግሥት ይፈልጋል። ዳቦውን ሰፊ ጎድጓዳ ሳህን ውስጥ አድርገው አትክልቱን ከነቅቤው ያፍስሱበት፤ ከዚያ ለብ ያለውን መረቅ ግማሹን ብቻ ጨምረው በእጅ ከሥር ወደ ላይ እያነሱ ያገላብጡ። 5 ደቂቃ ይጠብቁ። ቀሪውን በትንሽ በትንሹ ያክሉ። ጨውን በዚህ ጊዜ ይቅመሱ፤ ጥሬ እንቁላል ከገባ በኋላ መቅመስ የለም። ትልቁን ኪዩብ ለሁለት ሲከፍሉት መሐሉ ላይ ነጭ ደረቅ ነጥብ ከሌለ፣ እፍኝ ሲጨብጡት ደግሞ ተያይዞ የሚቆምና የማያንጠባጥብ ከሆነ ልኩ ያ ነው። የተመታው እንቁላል በመጨረሻ ይገባል፤ መረቁ ትኩስ እያለ ከገባ ይቆራረጣል።

ትሪው ቅቤ ይቀባና በፎይል ተከድኖ በ350 ፋራናይት ለ25 ደቂቃ፣ ከዚያ ፎይሉ ተነሥቶ ለ20 ደቂቃ ገጹ ወርቅ እስኪመስል ይጋገራል። ደርቆ ከተገኘ ግማሽ ኩባያ ትኩስ መረቅ ረጭተው ለ10 ደቂቃ መልሰው ይክደኑት። ረጥቦ ከተገኘ ወደ ሁለት ትሪ ከፍለው ሳይከድኑ ይመልሱት፤ የእንፋሎቱ መውጫ ሲሰፋ ይስተካከላል።

ተርኪው ሆድ ውስጥ ይሞላ ወይስ በትሪ? ስሙ ስታፊንግ ስለሆነ ብዙዎች ካልተሞላ አይሆንም ይላሉ። በዩናይትድ ስቴትስ ደቡባዊ ክፍል ግን በትሪ የሚጋገረው፣ ብዙ ጊዜም ከበቆሎ ዳቦ የሚሠራው፣ ድሬሲንግ ተብሎ የራሱ ክብር አለው። እኛም ለትሪው እንፈርዳለን። በተርኪው ሆድ ያለው ስታፊንግ ከወፉ የሚንጠባጠበውን ጥሬ ፈሳሽ ስለሚጠጣ እምብርቱ 165 ፋራናይት መድረሱ ግዴታ ነው፤ ይህን የሚለው የአሜሪካ ግብርና ሚኒስቴር ነው። ነገር ግን ስታፊንጉ ከሁሉም መጨረሻ የሚሞቀው ክፍል ነው። እሱን ሲጠብቁ የደረቱ ሥጋ ልኩን አልፎ እንደ ክር ይደርቃል። ስታፊንጉን ለማዳን ሥጋው ይሠዋል ማለት ነው።

ሆኖም መሙላት የፈለገ ሰው እነዚህን ይጠብቅ። ለአንድ ፓውንድ ተርኪ ሦስት አራተኛ ኩባያ ይቁጠር፤ 12 ፓውንድ ለሚመዝን 9 ኩባያ ቢበዛ ነው። ሲገባ ላላ ተደርጎ እንጂ ተጠቅጥቆ አይደለም፤ ዳቦው ሲያብጥ ቦታ ይፈልጋል፣ የተጠቀጠቀ ደግሞ ሙቀት አያሳልፍም። ስታፊንጉ ትኩስ ሆኖ ይግባ፣ ተርኪውም ወዲያው ኦቨን ይግባ፤ በዋዜማው ሞልቶ ፍሪጅ ማሳደር አደገኛ ነው። በ325 ፋራናይት ከ12 እስከ 14 ፓውንድ የሚመዝን የተሞላ ተርኪ ከሦስት ተኩል እስከ 4 ሰዓት ይፈልጋል። ቴርሞሜትሩ በታፋው ውስጥም በስታፊንጉ እምብርትም ይገባል፤ አንዱ ሌላውን አይተካም። ከወጣ በኋላ 20 ደቂቃ ዐርፎ ስታፊንጉ ይወጣል።

በትሪ የሚጋግር ሰው የሚያጣው የወፉን ስብና ጣዕም ነው፤ ያንን መመለስ ይቻላል። ተርኪው ሆድ ውስጥ በከረጢት ተጠቅልሎ የሚመጣውን አንገትና የሆድ ዕቃ ያውጡ፤ ጉበቱን ይለዩ፣ መረቁን ያመርረዋል። የቀረውን ከአንድ ሽንኩርትና ከአንድ ዘንግ ሰለሪ ጋር በ6 ኩባያ ውኃ ለሁለት ሰዓት ቀስ ብሎ ያንተክትኩት። ለስታፊንጉ የሚሆነው መረቅ ይህ ነው፤ የካርቶን መረቅ አጠገቡ አይደርስም። የኦቨን ጥበትም በዚሁ ይፈታል፦ ተርኪው ወጥቶ ሲያርፍ ኦቨኑ ወደ 350 ከፍ ይልና ትሪው በቦታው ይገባል፤ ተርኪው ዐርፎ ተቆርጦ ሲያበቃ ስታፊንጉ ይደርሳል። ዳቦው ማክሰኞ ሊደርቅ፣ አትክልቱ ረቡዕ በስሎ ፍሪጅ ሊያድር ይችላል፤ እርጥቡና ደረቁ የሚገናኙት ግን ሐሙስ ጠዋት ነው።

የጾሙ ነገር ለብቻው ቦታ ይገባዋል። የነቢያት ጾም ኅዳር 15 ይገባል፤ ይህም በፈረንጆቹ ኖቬምበር 24 ወይም 25 ነው። ታንክስጊቪንግ በኖቬምበር አራተኛ ሐሙስ ስለሆነ ከ22 እስከ 28 ባለው ቀን ይውላልና በአብዛኛው ዓመት ጾሙ ገብቶ ይደርሳል። በአንድ ማዕድ ተርኪ የሚበላም የሚጾምም አለ። ካርቶኑ ላይ ሥጋ አይታይም ብሎ መዘናጋት ትክክል አይደለም፤ የዶሮ ጣዕም ያለው ስቶቭ ቶፕ ውስጥ የዶሮ ሥጋና መረቅ ይገባል። በሌሎችም ከረጢቶች ላይ ወተትና ቅቤ የሚሉ ቃላትን ይፈልጉ። ቤት ሲሠራ ግን ቀላል ነው። በዱቄት፣ በውኃ፣ በእርሾና በጨው ብቻ የተጋገረ ዳቦ ይምረጡ። በቅቤው ፈንታ ግማሽ ኩባያ ዘይት፣ በመረቁ ፈንታ የአትክልት መረቅ ይግባ፤ 225 ግራም እንጉዳይ በጎን ውኃው እስኪመጥ ጠብሰው ይጨምሩ፤ የጎደለውን የሥጋ ጥልቀት እሱ ይሞላል። ለእንቁላሉ ምትክ ደግሞ ተልባ አለ፤ 2 የሾርባ ማንኪያ የተፈጨ ተልባ በ6 የሾርባ ማንኪያ ውኃ ተበጥብጦ 10 ደቂቃ ሲቆይ ይዝለገለጋል፣ ዳቦውንም እንደ እንቁላል ያያይዘዋል። ይህ ትሪ ከተርኪው ጋር በአንድ ኦቨን ቢገባ እንኳ በላይኛው መደርደሪያ ላይ ይሁን፤ ስብ እንዳይንጠባጠብበት።

ነጥብ እንስጥ። ስቶቭ ቶፕ እንደተጻፈው ከተሠራ ከ10 ውስጥ 5፣ በሽንኩርትና በሰለሪ ተሻሽሎ ኦቨን ከገባ 7። የፔፐሪጅ ፋርም ኪዩብ ሰባት ተኩል። የሱፐርማርኬቱ ቅመም አልባ ደረቅ ዳቦ በጥሩ መረቅ ሲሠራ 8። ሙሉ በሙሉ የቤቱ 9፤ አንዷን ነጥብ የምናስቀርበት የሐሙስን ጠዋት ስለሚሻማ ነው። ሁለት ሰው ብቻ ለሚበላበት ቤት ካርቶኑን አንነቅፍም። ለትልቅ ማዕድ ግን 4 ካርቶን አንድ ላይ አንድ የቤት ትሪ የሚያህል ዳቦ ቢይዙም የቤቱን ጣዕም አይሰጡም።

የተረፈው በ2 ሰዓት ውስጥ ፍሪጅ ይግባ፤ ተርኪው ሆድ ውስጥ የቀረ ካለም ወጥቶ ለብቻው። ከ3 እስከ 4 ቀን ይቆያል። ሲሞቅ ትንሽ መረቅ ተረጭቶበት፣ በፎይል ተከድኖ እስከ 165 ፋራናይት። በማግሥቱ ጠዋት ደግሞ በመጥበሻ ላይ በትንሽ ቅቤ ጠፍጠፍ አድርገው ሳይነኩት አንዱን ጎን ቡናማ ያድርጉት፤ ከዚያ ገልብጠው እንቁላል ይስበሩበት።